መሬቱ ከመሸንሸኑ በፊት ከሥሩ ያለውን ማወቅ፦ ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በጅማ ከተማ በፕላን ሥራ ላይ ነኝ። ወደ ጅሬን በሚወጣው በኩል 40 ሄክታር የሚሆን የእርሻ መሬት ለመኖሪያ ቤት ሊሸነሸን ነው። ገበሬዎቹ ስናርስ ገል ይወጣል ይላሉ። በአንዱ ጥግ የተደፈነ የድሮ ቦይ የሚመስል ሰርጥ አለ። አሁን ኅዳር ነው፤ ግሬደር የሚገባው በየካቲት መጨረሻ ነው። በመሥሪያ ቤታችን የአርኪዮሎጂ ባለሙያ የለም። ከየት እንጀምር?»

ጊዜው አልረፈደም፤ ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ግን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ከመሬት ሥር ያለ ቅርስ የሚድነው የሽንሸናው መስመር ከመሰመሩ በፊት የት እንዳለ ከታወቀ ነው። በዚያ ደረጃ መንገዱን 15 ሜትር ፈቀቅ ማድረግ ወይም አረንጓዴ ቦታውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መውሰድ የግማሽ ቀን የኮምፒውተር ሥራ ነው። ዕጣ ወጥቶ ካርታ በሰው እጅ ከገባ በኋላ ግን ያው ለውጥ ምትክ ቦታ፣ ካሣና ክርክር ይጠይቃል። ለተሰበረ ገል ሲል እዚያ ውስጥ የሚገባ ኃላፊ አይገኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሳው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፦ የአካባቢ ልማት ፕላኑ እንዲጸድቅ ሲቀርብ የቅርስ ካርታ አብሮት ይቅረብ።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ፤ በቅን ልቦና የሚፈጸም ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንም ሰው ያለ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ እንዳይፈልግ፣ እንዳይቆፍር፣ እንዳያጠና ይከለክላል። ባለሥልጣኑ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ሁለት የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ «ቦዩን ቆረጥ አድርገን እንየው» ማለት እንግዲህ አይቻልም፤ ገሉን በከረጢት ሰብስቦ ቢሮ ማስቀመጥም እንዲሁ። የተነሳ ገል ከየትኛው ጥልቀትና ከየትኛው ቦታ እንደመጣ ካልታወቀ ከሸክላ ቁራጭነት አያልፍም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚደረገው ደብዳቤ መጻፍ ነው። መንገዱ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወደ ኦሮሚያ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ባለሥልጣኑ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ላሉት የታሪክና የቅርስ ባለሙያዎች ግልባጭ ይላኩ። ደብዳቤው የይዞታውን ካርታ፣ የማዕዘኖቹን የቦታ መለኪያ (ኮኦርዲኔት)፣ የታሰበውን የመሬት አጠቃቀም፣ በጣም ጥልቅ የሚሆነው ቁፋሮ ስንት ሜትር እንደሆነና የሰርጡን 4 ወይም 5 ፎቶ ይያዝ። ከሁሉም በላይ ማሽን የሚገባበት ቀን ይጻፍበት። ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይተኛል።

ሁለት ሕጎች ደግሞ በእጅዎ ይሁኑ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልጋቸው ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት እንዲጠኑ ያስገድዳል። ችግሩ ስለ ቅርስ የሚጻፈው ክፍል ብዙ ጊዜ አንድ መስመር መሆኑ ነው፦ «በአካባቢው የታወቀ ቅርስ የለም»። ይህ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ማንም አላየም ማለት ነው። አጥኚው ማን በእግሩ እንደሄደ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተራመደ ካልጻፈ አይቀበሉት። ሁለተኛው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንቀጽ 91 ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ስብሰባ ላይ «ይሄ የባህል ቢሮ ጉዳይ ነው» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ፈቃዱ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም፤ የቢሮው ሥራ ቁፋሮ የለበትም። 1፡50,000 የሆነውን የመሬት ገጽ ካርታ፣ የቆዩ የአየር ፎቶዎችንና የሳተላይት ምስሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አሜሪካኖች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮሮና ሳተላይቶች ያነሷቸው ምስሎች ከተማው ሳይሰፋ የነበረውን መሬት ስለሚያሳዩ በጣም ይጠቅማሉ። ጉግል ኧርዝ ላይ የቀድሞ ዓመታት ምስሎችን እየመለሱ የታኅሣሥንና የጥርን ይምረጡ። በደረቅ ወር፣ ሥሩ የተደፈነ ቦይ ያለበት ቦታ እርጥበት ስለሚይዝ ሣሩ ዘግይቶ ይደርቃል፤ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ መስመር ይሆናል። ድንጋይ ወይም የተደመደመ ወለል ያለበት ደግሞ ቀድሞ ይገረጣል።

እዚህ ላይ ቀያሾች ሳይቀሩ የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዴተም ነው (ዴተም የቦታ መለኪያ የሚነሳበት መሠረት ነው)፤ የእጅ ጂፒኤስና ስልክ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ ዴተም ነው የሚጠቀሙት። ሳይቀየር ከተደራረበ ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። አንድ የመቃብር ቦታ በወረቀት ላይ ከጎረቤት ማሳ ላይ ይወድቅና ዶዘሩ እውነተኛው ላይ ይሄዳል። ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መለኪያ ሥርዓት ጅማ በዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናት። እያንዳንዱ መለኪያ አጠገብ ዴተሙንና ዞኑን ይጻፉ።

ከዚያ ሰው ይጠይቁ። ለሽማግሌዎቹ «ቅርስ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም፤ ቅርስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ነው። ይልቅ በሬ የሚሰናከልበት ማሳ የቱ እንደሆነ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፈር ምን እንደወጣ፣ ከአባት የተወረሰ ሆኖ ማንም የማያርሰው ጥግ መኖሩን፣ የድሮው ገበያ መንገድ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር ይጠይቁ። የቦታ ስምም ይመዝግቡ። ስሙ ውስጥ መሠራ ካለ የባላባት ወይም የንጉሥ ግቢ፣ ኬላ ካለ የመንግሥት በር፣ አዋላ ካለ መቃብር ያመለክታል። የእናቶችን ቃል አይርሱ፤ ውኃ የሚቀዱትና ማገዶ የሚለቅሙት እነሱ ስለሆኑ የተበተነ ገልን ከወንዶቹ በተሻለ ያውቁታል።

ገበሬው ዝም እንዳይል አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። «ቅርስ ከተገኘ መሬቴን አጣለሁ» ብሎ የሚያምን ሰው ገሉን ወደ ገደል ይወረውረዋል፤ አይፈረድበትም። ገል ስለተገኘ ብቻ ይዞታ እንደማይነጠቅ፣ መሬት የሚለቀቀው በሕግ ሥርዓትና በካሣ ብቻ እንደሆነ በኦሮምኛም በአማርኛም በግልጽ ይንገሯቸው።

ወደ ጅሬን በሚወስደው በኩል ምን ሊጠበቅ ይችላል? ጅሬን ከእ.ኤ.አ. 1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር መቀመጫ ነበረች፤ ከታች ያለው ሂርማታ ደግሞ ትልቁ ገበያ ነበር። እንዲህ ያለ መቀመጫ ዙሪያ ቤተ መንግሥቱ ብቻ አይኖርም፤ የሹማምንት ግቢ፣ የአንጥረኛ መንደር፣ የነጋዴ ማረፊያ፣ መስጊድና መቃብር ይኖራል። አብዛኛው የእንጨትና የጭቃ ሥራ ስለነበረ ላይ ቆሞ የሚታይ ነገር አይተውም። የሚተርፈው በክብ የተደረደሩ የምሰሶ ጉድጓዶች፣ ምድጃ፣ አመድና ገል ነው። ከዚያ በፊት የነበረውም አይረሳ። ከጅማ በደቡብ ምዕራብ በካፋ ባሉ የዋሻ መጠለያዎች በተደረጉ ቁፋሮዎች በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሰው እንደኖረባቸው ታውቋል። በ40 ሄክታሩ ውስጥም ሆነ ድንጋይ በሚወጣበት ካባ አጠገብ ከለላ ያለው አለት ካለ ይታይ።

ቦዩን በተመለከተ፦ የጅማ መንግሥት ድንበሩን በቦይና በኬላ ያስጠብቅ እንደነበር የታወቀ ነው። እርስዎ ያዩት ሰርጥ ግን የከብት መንገድ፣ የጎርፍ ማውረጃ ወይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ የተቆፈረ ምሽግም ሊሆን ይችላል። የከብት መንገድ ወደ ውኃ ይወርዳል፣ ስፋቱ ይለዋወጣል፣ በጎኑ የተከመረ አፈር የለውም። ሰው የቆፈረው መከላከያ ቦይ ስፋቱ ብዙ አይለዋወጥም፤ የወጣው አፈር በአንድ ጎን፣ ብዙውን ጊዜ በውስጠኛው በኩል፣ ተከምሮ ይገኛል። ወታደራዊ ምሽግ ጠባብ ሆኖ ይጠማዘዛል። እርግጡ የሚታወቀው ግን ባለፈቃድ ባለሙያ ቦዩን አግድም በ1 ሜትር ተኩል ስፋት ቆርጦ ደለሉን ሲያይ ነው። ከ1.2 ሜትር በላይ ሲወርድ ግድግዳው በደረጃ ይቆረጥ ወይም በጣውላ ይደገፍ፤ የጅማ ቀይ አፈር ደርቆ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፣ አንድ ዝናብ ሲያገኘው ግን በአንዴ ይናዳል።

ፈቃዱ ደርሶ ቡድኑ ሲመጣ የሚጀመረው በእግር ነው። በ20 ሜትር ርቀት ትይዩ መስመሮች ከተሄደ 40 ሄክታር ማለት 20 ኪሎ ሜትር እርምጃ ነው። 5 ሰው ቢካፈለው ለአንድ ሰው 4 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዝግታ እየተሄደ፣ እየተመዘገበ፣ ከ2 እስከ 3 ቀን ይበቃል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው ብዙ ጊዜ «በጊዜ እጥረት» የሚቀረው!

እይታው ግን በየቦታው እኩል አይደለም። ቡና ሥር ቅጠሉ መሬቱን ይሸፍናል፤ የግጦሽ ሣር ላይ ምንም አይታይም። ጥሩው ማሳ ታርሶ አንድ ሁለት ዝናብ ያጠበው ነው። በኅዳር ቃርሚያው ገና ስላለ፣ ቀድሞም በሚታረሱ ማሳዎች ላይ ለገበሬው ተከፍሎት በበሬ ቀጫጭን ቁራጮች እንዲያርስ ማድረግ ይቻላል፤ የበሬ ማረሻ የሚነካው ከዚህ በፊት የተነካውን አፈር ነው። ትራክተር ግን አይግባ። ሣር ባለበት ደግሞ የፍልፈል ክምር ይታይ። ፍልፈሏ ከታች ያለውን አፈር በነጻ ታወጣለች፤ ክምሩ ላይ ገል ወይም ከሰል ካለ ከሥር አለ ማለት ነው።

ከገል ሌላ የሚፈለገው የተፈለጠ ባልጩት፣ ብረት ሲቀልጥ የሚወጣ ጥቁር ከባድ ዝቃጭ፣ የወናፍ የሸክላ ቱቦ ስብርባሪ፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ ዶቃና የተቃጠለ ቀይ አፈር ነው። አጥንት ብዙ አይጠብቁ። የጅማ ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ አጥንትን ይበላል። ያለ አጥንት የተገኘ ሞላላ ጉድጓድ መቃብር ሊሆን እንደሚችል ኮንትራክተሩም ይወቅ።

አሁን ትልቁ ወጥመድ። በኮረብታው ጫፍና ተዳፋት ላይ አፈሩ ስለታጠበ ቅርሱ ላይ ይታያል፤ በግርጌው ግን ከላይ የወረደው ደለል ከ1 ሜትር በላይ ሊሸፍነው ይችላል። ሜዳው ላይ ሲሄዱ ምንም ስላላዩ «እዚህ ነጻ ነው» ቢሉ የሚሳሳቱት ከሁሉ በተሻለ በተጠበቀው ክፍል ላይ ነው። ለዚህ ነው የአካፋ ሙከራ ጉድጓድ የሚያስፈልገው። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ያልተነካው አፈር እስኪደርስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይወረዳል። በ50 ሜትር ርቀት ከተደረገ ለአንድ ሄክታር 4፣ ለ40 ሄክታር 160 ይሆናል። ሁለት ሰው በቀን 8 ያህል ይጨርሳል፤ ሁለት ጥንድ ቢሠራ 10 ቀን ነው። ገል በታየበት አካባቢ ብቻ ርቀቱ ወደ 20 ሜትር ይጠባል። በግርጌው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ስለማይበቃ በእጅ መሰርሰሪያ እስከ 2 ሜትር ይታይ። አፈሩ በ6 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋ። እርጥብ ከሆነ ግን ይድቦለቦልና ዶቃው ውስጡ ይቀራል፤ ወይ ግማሽ ቀን ፀሐይ ይምታው፣ ወይ በውኃ ይነፋ።

የተጠረጠረው ክፍል ከታወቀ በኋላ በማሽን ቦይ ይከፈትበታል። ለምሳሌ 6 ሄክታር ቢሆን የ3 በመቶ ናሙና 1,800 ካሬ ሜትር ነው፤ 2 ሜትር በ30 ሜትር የሆኑ 30 ቦዮች ማለት ነው። ኤክስካቫተሩ ጥርስ የሌለው ለስላሳ ባልዲ ይግጠም፤ ጥርስ ያለው የምሰሶ ጉድጓዱን ጥላ አጥፍቶት ያልፋል። ወደ ኋላ እየሸሸ፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ባለሙያው ከፊቱ ቆሞ እያየ ይግፈፍ። የአፈሩ ቀለም ሲለወጥ ይቆማል።

መቃብር ከተገኘ ጉዳዩ የሳይንስ ብቻ አይደለም። ብዙዎች አቅጣጫውን አይተው «ይሄ የክርስቲያን ነው፣ ይሄ የሙስሊም ነው» ይላሉ፤ በጅማ ግን ይህ ያሳስታል። መካ ከጅማ ስትታይ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ያዘነበለች ናት። ስለዚህ ፊቱ ወደ ቂብላ ሆኖ በቀኝ ጎኑ የተቀበረ ሰው መቃብሩ ከሞላ ጎደል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ የክርስቲያኑም እንደዚያው ነው። የሚለየው የሟቹ ጭንቅላት በየትኛው በኩል እንደሆነ ነው፦ የሙስሊሙ በምሥራቅ፣ የክርስቲያኑ በምዕራብ። ጭንቅላቱ ከማይታይበት አፈር ተነስቶ መፍረድ ጠብ ያመጣል። ሥራው ይቁም፣ ፖሊስና የአካባቢው ሽማግሌዎች ይጠሩ፣ ከሁለቱም እምነት ሰው ባለበት ይታይ፤ ከሁሉም የሚሻለው ሳይነካ በአረንጓዴ ቦታ ውስጥ መተው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚወጣው ካርታ ፕላኑ ላይ ሲያርፍ ምርጫዎቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይታዩ፦ ማለፍ፣ ካልሆነ ሳይነኩ መሸፈን፣ ያም ካልሆነ ቆፍሮ መመዝገብ። ነፍስ አድን ቁፋሮ የመጨረሻው ነው፤ ቅርሱን በመረጃ ይለውጠዋል እንጂ አያተርፈውም። ውድም ነው። ቦዩን ለምሳሌ ከነክምሩ ይዞ በሁለቱም በኩል 10 ሜትር ትርፍ ያለው የእግረኛ መንገድና አረንጓዴ መስመር ማድረግ ይቻላል። ሰፈሩ የራሱ መታወቂያ ያለው መናፈሻ ያገኛል፤ ፕላኑም ለአረንጓዴ መተው የነበረበትን ቦታ እዚያው ያውለዋል። ባሕር ዛፍ ግን አይተከልበት፤ ሥሩ ከማንኛውም ዶማ በላይ ያምሰዋል። ሣርና ሥሩ ላይ ላዩን የሚሄድ ቁጥቋጦ ይበቃል።

መሸፈን ሲመረጥ ሣሩ በእጅ ይታጨድ እንጂ አይገፈፍ። ጂኦቴክስታይል የሚባለው ውኃ የሚያሳልፍ የግንባታ ጨርቅ ይነጠፍ፣ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከዚያ ከሌላ ቦታ የመጣ ንጹህ አፈር ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይደረግ። የሚንቀጠቀጥ ሮለር አይሂድበት። የኮብልስቶን መንገድ ቁፋሮው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በተሞላው አፈር ውስጥ ይቀራል፤ የውኃና የፍሳሽ መስመር ግን በዚያ አያልፍም። ቤቱን በተመለከተ ሰው የሚፈራው መሠረቱን ነው፤ ይበልጥ የሚያጠፋው ግን ብዙ ጊዜ 3 ሜትር የሚወርደው የሴፕቲክ ታንክ ነው። በፕላን ስምምነቱ ላይ የታንኩ ቦታ በካርታ ተወስኖ ይሰጥ።

ከ40 ሄክታሩ ውጭ ያለውም ይታሰብ። ሴሌክት (ለሙሌት የሚሆን የተመረጠ አፈር) የሚወጣበት ጉድጓድ፣ ካባው፣ የኮንትራክተሩ ካምፕ፣ የአፈር መድፊያው፣ የማሽን መግቢያ መንገዱ በ40 ሄክታሩ ውስጥ ስላልሆኑ ማንም አያጠናቸውም፤ ጉዳቱ ደግሞ እዚያ ሊብስ ይችላል።

ውሉ ላይ የሚጻፈው ከጥናቱ እኩል ይመዝናል። ቅርስ አግኝቶ የሚያስታውቅ ኮንትራክተር ቀን የሚባክንበት፣ ማሽን ቆሞ ኪራይ የሚቆጥርበት፣ ምንም የማይከፈለው ከሆነ ያገኘውን በማግስቱ ይቀብረዋል። ፊዲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ቅጽ፣ የእ.ኤ.አ. 1999ኙ፣ በ4.24 አንቀጹ ላይ ይህን ፈትቶታል፦ ኮንትራክተሩ ያስታውቃል፣ ለዘገየበት ጊዜና ወጪ ይካካሳል። በራሳችሁ ውል ከሆነ የምትሠሩት ይህን አንቀጽ አስገቡ፤ በሥራ ዝርዝሩም ላይ የመጠባበቂያ ገንዘብ ይያዝ። ገንዘቡ የዓለም ባንክ ከሆነ 8ኛው የአካባቢና ማኅበራዊ መስፈርት ራሱ ድንገት የሚገኝ ቅርስ የሚያዝበትን ሥርዓት ይጠይቃል።

ያ ሥርዓት ከግሬደር ኦፕሬተሩ ጀምሮ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው ይሁን። አንድ ነገር ሲወጣ ማሽኑ ይቆማል፣ ሞተሩ ይጠፋል። በ10 ሜትር ዙሪያ በገመድ ይከለላል። ዕቃው አይነሳም፣ አይታጠብም። መለኪያ ዘንግና የሰሜን ቀስት ጎኑ ተደርጎ ፎቶ ይነሳል፤ ዝናብ እንዳይመታው በላስቲክ ይሸፈናል፤ ሌሊት ዘበኛ ያድርበታል። በዚያው ቀን ስልክ ይደወላል፣ በማግስቱ በጽሑፍ ይገለጻል። አዋጅ 209/1992 በአንቀጽ 41 እንዲህ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ለሚያስረክብ ሰው ተገቢ ሽልማትና ያወጣው ወጪ እንደሚከፈለውም ይናገራል። ሠራተኞቹ ይህን ሁለተኛውን ክፍል ጭምር ይስሙት። አንቀጽ 42 ደግሞ የተከለለ ተብሎ በታወጀ ቦታ ያለ ፈቃድ ግንባታም ቁፋሮም እንዳይደረግ ይከለክላል፤ የእርስዎ መሬት ገና አልታወጀም፣ ስለዚህ መከላከያው ፕላኑና ውሉ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ትክክለኛው የቅርስ ነጥብ በአደባባይ ካርታ ላይ አይለጠፍ። ወርቅ ፈላጊ በሌሊት ይመጣል። በሕዝብ ፊት የሚወጣው ፕላን «አረንጓዴ ቦታ» ይበል፤ ዝርዝሩ በፕላን ክፍሉና በባህል ጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ።

ፈቃዱና ቡድኑ እስከ የካቲት ባይደርሱስ? ግሬደሩን ማቆም ካልተቻለ ቢያንስ የሚጀምርበትን ቦታ መወሰን ይቻላል። በቢሮው ጥናትና በሽማግሌዎቹ ቃል ምንም ምልክት ባልታየበት ተዳፋት ላይ ይጀምር፤ እዚያም ድንገት ለሚወጣው ነገር ያነሳሁት ሥርዓት ይሥራ። ሰርጡ፣ ገል የሚወጣባቸው ማሳዎችና በደለል የተሸፈነው ግርጌ በጽሑፍ ትእዛዝ ወደ መጨረሻው ዙር ይዛወሩ፤ የእነዚህ ክፍሎች ሽንሸናም ከዚያ በፊት አይጽደቅ።